የድድ ስቴም ሴል የሚነቃነቅ ጥርስ ያጸናል? ክሩ እስከ መልስ 46

እዚህ መድረክ ላይ የከፈትኩት የውይይት ክር ረዝሟል። አዲስ የሚገባ ሰው ከየት ጀምሮ የት እንደሚያበቃ ግራ ይገባዋል። ጥያቄውን የከፈትኩት እኔ ስለሆንኩ፣ የተባለውን እንደ ቁጥሩ ቅደም ተከተል በራሴ አነጋገር ላስቀምጠው። የሰው ቃል አልገለብጥም። ያልተዋጠልኝ ቦታ ላይ ግን ዝም አልልም።

ጥያቄው ይህ ነበር። እዚህ ቱሉ ዲምቱ አብራኝ የምትኖረው ታላቅ እህቴ የታች የፊት ጥርሶቿ ይነቃነቃሉ። ድዷ መሸሽ ከጀመረ ቆይቷል። ሐኪም ዘንድ ሄዳ፣ ሁለቱ መነቀላቸው አይቀርም ተብላ ተመለሰች። በዚያው ሰሞን በቴሌግራም አንድ ማስታወቂያ ደረሰን። ከድድ በሚወሰድ፣ ስቴም ሴል በሚባል ህዋስ ጥርስን የሚይዘው አጥንትና ሥጋ እንደገና ይበቅላል፣ የሚነቃነቅ ጥርስም በአንድ ቀጠሮ ይጸናል ይላል። ዋጋው ከእህቴ የስድስት ወር ጡረታ ይበልጣል። የቦታውን ስም አልጠራሁም፤ ሌላውም እንዳይጠራ ለምኛለሁ። እውነት ነው ወይስ ወሬ? የሚያውቅ ይንገረን አልኩ።

መልስ 1። ከገላን የምትጽፍ እህት ናት። እግዜር ይማራት ብላ ሦስት ነገር ጠየቀች። ራጅ ተነሥታለች? በድዷና በጥርሷ መካከል ያለው ክፍተት በመለኪያ ተለክቷል? ስኳር አለባት? ጤነኛ ድድ ላይ ክፍተቱ ከ1 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከዚያ እየጠለቀ ከሄደ ከሥር አጥንት እየተበላ ሊሆን ይችላል አለች። እኔም ራጅ አዎ፣ ልኬት አይመስለኝም፣ ስኳር አዎ ብዬ መለስኩ። ማስታወቂያው ከእነዚህ አንዱንም አይጠይቅም።

መልስ 2 እና 3። ሁለተኛው ነቅላችሁ ኢምፕላንት፣ ማለትም አጥንት ውስጥ የሚተከል ሰው ሠራሽ ጥርስ አስደርጉ አለና ሄደ። ሦስተኛው የኢምፕላንት ዋጋ ስንት ነው ብሎ ጠየቀ። የመለሰለት የለም።

መልስ 4። ይሄ ሰው ቦታው ድረስ ሄዷል። የኮየ ፈጬ ነዋሪ ነው፤ ለእናቱ ሊጠይቅ ነበር የሄደው። ምን ምን እንደሚደረግ በዝርዝር ንገሩኝ ሲላቸው፣ ከክንድ ደም ይቀዳል፣ በማሽን ይሽከረከራል፣ ከዚያ የሚገኘው ነገር ድድ ውስጥ ይገባል አሉት። ከድድ የሚወሰድ ነገር የለም። ታዲያ ስቴም ሴሉ የታለ ቢላቸው፣ እሱ ራሱ ነው ብለው ሸኙት።

መልስ 5 አፉን የያዘ ምስል ብቻ ነው።

መልስ 6። ከየካ አባዶ የሚጽፍ የላብራቶሪ ባለሙያ ገባ። የኮየ ፈጬው ሰው የተነገረው ነገር ስም አለው፤ ፒ አር ኤፍ ይባላል አለ። እ.ኤ.አ. በ2001 ፈረንሳይ ውስጥ የተጀመረ ዘዴ ነው። የታካሚው ደም፣ እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒት ሳይጨመርበት ይሽከረከራል። መሀል ላይ ቢጫ፣ ጄል የመሰለ የረጋ ነገር ይወጣል። ውስጡ ደም እንዲረጋ የሚያደርጉት ፕላትሌት የሚባሉ ጥቃቅን የደም ክፍሎች ሞልተውበታል፤ ቁስል እንዲድን የሚቀሰቅሱ ፕሮቲኖችንም ቀስ እያለ ይለቃል። ጥርስ የተነቀለበት ቦታ ላይ ይጠቀሙበታል፤ አንዳንድ የአጥንት ጉድጓድ ላይም እንዲሁ። ከንቱ ነገር አይደለም። ግን የድድ ስቴም ሴል አይደለም። ሽሮ አዝዞ ሽሮ የሚመጣለት ሰው ቅሬታ የለውም፤ ክትፎ ብለው ካስከፈሉት በኋላ ሽሮ ሲመጣ ነው ጠቡ አለ። በዚህ ሳቅሁ።

እውነቱን ለመናገር የጥያቄዬ ግማሽ እዚሁ ተመልሷል። ግን ክር መቼ በስድስት ያቆማል።

መልስ 7። አንዲት ልጅ፣ ታዲያ እውነተኛው የድድ ስቴም ሴል አለ ወይስ እሱም የፈጠራ ወሬ ነው ብላ ጠየቀች። ጥሩ ጥያቄ ነው።

መልስ 8። ማስታወቂያውን የሚደግፍ ሰው ብቅ አለ። ያን ጊዜ ገና ጨዋ ነበር። ሳይንስ ሄዷል፣ እኛ ግን ተጠራጥረን ቀረን፤ የሰው ተስፋ አትግደሉ አለ። ይህን ሰው ቆይተን እናገኘዋለን።

መልስ 9። የክሩ ረጅሙ መልስ ነው። የጻፈው በጥርስ ሕክምና ስፔሻላይዝ በማድረግ ላይ ያለ ተማሪ ነው። ብዙዎች ሳያነቡት አልፈዋል፤ እኔ ሁለቴ አነበብኩት።

ስቴም ሴል ራሱን የሚያባዛ፣ ሁኔታው ሲመቸው ደግሞ ወደ ሌላ ዓይነት ህዋስ መለወጥ የሚችል ህዋስ ነው ብሎ ጀመረ። አፍ ውስጥ ከአንድ በላይ ምንጭ አለው። እ.ኤ.አ. በ2000 አሜሪካ ውስጥ ከጥርስ ነርቭ፣ ማለትም ጥርስ ውስጥ ካለው ለስላሳ ሥጋ ተገኘ። በ2003 ከሕፃናት የወተት ጥርስ፣ በ2004 ጥርስን ከአጥንት ጋር ከሚያያይዘው ጅማት ተገኘ። የድዱ ተራ የደረሰው በ2009 ነው፤ በደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከድድ ለይተው አወጡት። ህዋሱ ያለው በድዱ ላይኛ ሽፋን አይደለም፤ ከሽፋኑ ሥር ባለው ሥጋ ውስጥ ነው። የላብራቶሪ ሳህን ላይ ሲያሳድጉት አጥንት፣ ስብና የመሳሰሉትን የሚሠሩ ህዋሳት መሆን ቻለ። ሌላም ጠባይ ታየበት። የሰውነት መከላከያ ሲቆጣ ያበርደዋል። እነዚያው ተመራማሪዎች አንጀታቸው በቆሰለ አይጦች ላይ ሞክረውት እብጠቱን ቀንሶላቸዋል። የድድ በሽታ ደግሞ ራሱ የተቆጣ እብጠት ስለሆነ፣ ተስፋው ከዚህ ይመነጫል።

ድድ ለምን ተመረጠ የሚለውንም አብራርቷል። ከጅማቱ ህዋስ ለማውጣት ጥርስ መንቀል ያስፈልጋል። ከድድ ግን ጥቂት ሚሊ ሜትር ቆርጦ መውሰድ ይበቃል። ቦታው ቶሎ ይድናል፤ ጠባሳውም አይታይም። በሌላ ሕክምና ተቆርጦ የሚጣል ድድም ሊያገለግል ይችላል። የተወሰደው ቁራጭ ተከትፎ በኢንዛይም ይፍታታል። ከዚያ በ37 ዲግሪ፣ 5 በመቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ባለበት ሣጥን ውስጥ ለሳምንታት እንዲባዛ ይደረጋል። ሲበቃ ከኮላጅን በተሠራ ስፖንጅ ወይም በጄል ላይ ይቀመጣል። በመጨረሻ ድዱ ተከፍቶ፣ የጥርሱ ሥር ተጠርጎ፣ ያ ነገር ገብቶ ይሰፋል።

መልስ 10። አንዱ ባጭሩ በለን አለው።

መልስ 11። ጠቡ እዚህ ተጀመረ። የጀሞ ልጅ ነኝ የሚል ሰው፣ መልስ 9 ኮፒ ፔስት ነው ብሎ ወረደበት። አይጥና ሳህን ለእኛ ምን ያደርግልናል፤ ጥርሱ የጸናለት አንድ ሰው አምጣ አለው። አነጋገሩ ጎምዛዛ ነው። ጥያቄው ግን ልክ ነው።

መልስ 12። ተማሪው ቀይ ሆኖ ተመለሰ። ግን ውጤቱን አልደበቀም፤ ያመሰገንኩትም ለዚህ ነው። የድዱ ህዋስ በትንንሽ አሳማዎችና በውሾች ላይ ተሞክሮ የተጎዳው ቦታ መልሶ እንዲሠራ አግዟል። ሰው ላይ፣ እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ የግብፅ ጥናት አለ። ጥቂት ታካሚዎች ናቸው፤ ህዋስ የተጨመረላቸው ካልተጨመረላቸው የተሻለ ለውጥ አሳይተዋል። ከጅማቱ በሚወጣው ህዋስ ደግሞ በጃፓን 10 ሰዎች ታክመው በ2018 ውጤቱ ታትሟል፤ ተሻሽለዋል፣ ግን የሚነጻጸሩበት ሌላ ወገን አልነበረም። ቻይና ውስጥ ግን በ2016 በታተመ ሙከራ 30 ታካሚዎች በዕጣ ተከፍለው ታከሙ። ሁለቱም ወገን የተበላውን አጥንት ቦታ የሚሞላ የበሬ አጥንት ዱቄት ተደርጎላቸዋል፤ አንደኛው ወገን ላይ ብቻ ህዋሱ ተጨመረ። ህዋሱ ጉዳት አላመጣም። በሁለቱ መካከል ግን ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልታየም። ስለዚህ ነገሩ ውሸት አይደለም፣ የደረሰ ሕክምናም አይደለም፤ ገና ሙከራ ላይ ነው ብሎ ዘጋ።

የጀሞው ልጅ ላይክ አደረገለት። ይቅርታ ግን አልጻፈም።

መልስ 13። ከለገጣፎ አንድ አዛውንት አናጢ ገቡ። ለምን ይህን ያህል ያስቸግራል፤ አጥንት መሙላት ብቻ አይደለም ወይ ብለው ጠየቁ።

መልስ 14። ተማሪው ጋሼ ብሎ በአክብሮት መለሰላቸው። ጥርስ አጥንት ውስጥ እንደ ምስማር አልተመታም። በሥሩና በአጥንቱ መካከል 0.2 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነች ክፍተት አለች፤ እሷን የሚሞላው ጅማት ነው። ጅማቱ በአንድ ወገን አጥንቱ ውስጥ፣ በሌላው ወገን ሥሩን የሸፈነው ስስ ቅርፊት ውስጥ ተቀብሮ ጥርሱን ያንጠለጥለዋል። ስንነክስ ጥርስ በትንሹ የሚሰምጠውና የሚመለሰው ለዚህ ነው። ኢምፕላንት ይህ የለውም፤ በቀጥታ ከአጥንት ጋር ይጣበቃል። እንግዲህ መመለስ ያለባቸው ሦስት ነገሮች ናቸው። አጥንቱ፣ ጅማቱና ቅርፊቱ። ሦስቱም በየቦታቸው፣ ጅማቱም በትክክለኛው አቅጣጫ መሆን አለበት።

ሌላም ጣጣ አለ አለ። ቁስሉ ሲድን ህዋሳት ይሽቀዳደማሉ። ከሁሉም የሚፈጥነው የድዱ ላይኛ ሽፋን ነው፤ ቶሎ ወደ ሥሩ ወርዶ ቦታውን ይይዘዋል። እሱ ከቀደመ ጅማት አይመለስም። ይህን ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ1976 ሜልቸር የሚባል ተመራማሪ አቀረበው። በ1982 ኒማን የሚባል የስዊድን ሐኪምና ጓደኞቹ በድዱና በሥሩ መካከል ስስ ጨርቅ መሰል ሽፋን አስገብተው ፈጣኑን ህዋስ ከለከሉት፤ ቀርፋፋው ጅማትም ጊዜ አገኘ። ያ ዘዴ ዛሬም ይሠራበታል። ስቴም ሴሉ የሚመጣው በዚህ ላይ ተጨማሪ ሆኖ ነው።

አዛውንቱ ገባኝ፣ ተባረክ ብለው መረቁት። እኔ ከክሩ ሁሉ የወደድኩት ይህችን ልውውጥ ነው። ያላወቁትን ጠይቀው፣ ሲገባቸው ገባኝ የሚሉ ሰዎች እዚህ መድረክ ላይ ብርቅ ናቸው።

መልስ 15 እስከ 19። የበሬ አጥንት ዱቄት የሚለው ነገር መዘዝ አመጣ። አንዷ በጾም ይፈቀዳል ወይ አለች። ሌላው የሚዋጥ አይደለም፣ ተሰፍቶ የሚቀር ነው አለ። ነገሩ ረገብ ሲል የላብራቶሪው ሰው ነዳጅ አርከፈከፈበት። ከ1990ዎቹ ጀምሮ ለዚሁ ሕክምና የሚሸጥ ኤምዶጌይን የሚባል ጄል አለ፤ ፕሮቲኑ የሚወጣው ገና በማደግ ላይ ካለ የአሳማ ጥርስ ነው አለ። በቃ። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም በአንድ ላይ ተነሡ፤ በዚህ መድረክ ሁለቱ እንዲህ ሲስማሙ አይቼ አላውቅም። አንዱ የንስሐ አባቴን ልጠይቅ አለ። ሌላዋ ለመድኃኒት ሲሆን ሼሆቹ የሚሉት ሌላ ነው፣ ሳትጠይቁ አትፍረዱ አለች። አንዲት ደግሞ የራስ ድድ የሚሻለው ለዚሁ ነው፣ ከእንስሳ ነፃ ነው አለች።

መልስ 20። የላብራቶሪው ሰው እሷንም አረማት። ህዋስ ሲያሳድጉ በብዛት የሚመግቡት ከጥጃ ደም የሚወጣ ፈሳሽ ነው። ለሰው ሕክምና ሲሆን በሰው ደም ውጤት ለመተካት ይሞክራሉ። የራስ ህዋስ ስለሆነ ብቻ ንጹሕ ነው ማለት እንደማይቻል አስረግጦ ተናገረ።

መልስ 21 እስከ 23። የገላኗ እህት አንድ መመዘኛ አቀረበች። ህዋስ ለመባዛት ሳምንታት ይፈልጋል። ስለዚህ በአንድ ቀጠሮ እንጨርሳለን የሚል ቦታ የድድ ስቴም ሴል አይሰጥም፤ ላብራቶሪያችሁ የት ነው ብላችሁ ጠይቁ አለች። ተማሪው ትንሽ አስተካከላት። ጣሊያን ውስጥ በ2018 የታተመ ሙከራ አለ፤ ከተነቀለ ጥርስ ነርቩን አውጥተው፣ በመሣሪያ ፈጭተው፣ ሳያባዙ በዚያው ቀን አስገብተዋል። ግን ያም ቢሆን ከጥርስ የተወሰደ እንጂ ከክንድ ደም አይደለም። መመዘኛዋ በግርድፉ ይሠራል። መልስ 23 ላይ አንዱ፣ 37 ዲግሪ ለሳምንታት በእኛ ሰፈር መብራት ይሞከር እስቲ ብሎ ጻፈ። ከክሩ ብዙ ላይክ ያገኘው ይሄ ነው። ሀገሩ እንዲህ ነው።

መልስ 24 እስከ 29። እዚህ ወሬው ወደ ጥርስ እጥበት ዞረ። ከርዕስ መውጣት ቢመስልም ለእኔ ዋናው ቦታ ይህ ነበር።

አንዲት የሰበታ እናት፣ ጥርሴን ካሳጠብኩ በኋላ ነው ጥርሴ የሳሳውና መነቃነቅ የጀመረው፤ እህትሽን እንዳታስነኪያት አሉኝ። ሁለት ሰው ተከትሎ እውነታቸውን ነው አለ። ይህን የማይሰማ ማን አለ? የእኔም እህት ለዓመታት የሸሸችው ለዚሁ ነው።

የገላኗ እህት እትዬ ብላ በትሕትና መለሰችላቸው። ጥርስ ላይ የሚለጠፈው ለስላሳ ቆሻሻ የባክቴሪያ መንደር ነው። ካልጠረጉት በምራቅ ውስጥ ባለ ማዕድን ይደርቅና ታርታር ይሆናል። ታርታር በብሩሽ አይለቅም። በጥርሶች መካከል ገብቶ ይጋግርና፣ የላላውን ጥርስ ከጎረቤቱ ጋር አጣብቆ የጸና ያስመስለዋል። ሲጸዳ እውነቱ ይታያል። ደግሞ አብጦ የነበረው ድድ ወደ ቦታው ሲመለስ ክፍተት ይወጣል። ጥርሱን ያላላው እጥበቱ አይደለም፤ ከሥር ለዓመታት የተበላው አጥንት ነው።

መልስ 27 ላይ የጀሞው ልጅ ገብቶ ሴትዮዋን አንኳሰሰ። በእርስዎ ወሬ ስንት ሰው ጥርሱን አጣ አላቸው። ይህ ጥጋብ ነው። ሴትዮዋ ያዩትን ነው የተናገሩት፤ ያዩትም እውነት ነው፣ ምክንያቱ ሌላ ሆነ እንጂ። መልስ 28 ላይ ይህንኑ ጻፍኩለት። መልስ 29 ላይ ሴትዮዋ ራሳቸው፣ እኔ ለክፋት አልነበረም ብለው ለገላኗ ልጅ ምስጋና አቀረቡ።

ተማሪው እዚህ ላይ የጨመረው ነገር ማስታወቂያ ላይ መጻፍ ነበረበት። ሥሩ ላይ ታርታርና ባክቴሪያ እያለ ምንም ዓይነት ስቴም ሴል ቢገባ ይሞታል፣ ወይም የሠራው ተመልሶ ይበላል። ከእጥበትና ከቤት ጽዳት የሚያስቀር አቋራጭ የለም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 ባወጣው ሪፖርት ከባድ የድድ በሽታ ያለባቸው ሰዎች ከ1 ቢሊዮን ይበልጣሉ። ለዚህ ሁሉ ሕዝብ ህዋስ በሣጥን አሳድጎ አይዳረስም አለ።

መልስ 30 እስከ 32። የኮየ ፈጬው ሰው ተመልሶ መጣ። እናቱ የጎንደር ሰው ናቸው፤ ድዳቸውን በልጅነታቸው ተነቅሰዋል፣ ጥቁር ነው። ከተነቀሰ ድድ ስቴም ሴል መውሰድ ይቻላል ወይ አለ። እንዲህ ያለ ጥያቄ የትም ሀገር ሳይንቲስት አልተጠየቀም መሰለኝ። ተማሪው፣ ጥላሸቱ የሚቀመጠው ከሽፋኑ ሥር ባለው ሥጋ ውስጥ ነው፤ ህዋሱ የሚወሰደውም ከዚያው ነው፤ እኔ ብሆን ያልተነቀሰ ቦታ እመርጣለሁ አለ። በአንድ መርፌ ብዙ ሰው መንቀስ ጉበትን የሚያጠቃውን ሄፓታይተስና ኤች አይ ቪን እንደሚያዛምትም አስታወሰ። መልስ 32 ላይ አንዲት ሴት፣ የተነቀሰ ድድ ያለበት ፈገግታ እንዴት እንደሚያምር በናፍቆት ጻፈች። ትክክል ናት።

መልስ 33 እስከ 36። የመልስ 8 ሰው ተመለሰ፤ አሁን ጨዋነቱ የለም። ሁላችሁም ምቀኞች ናችሁ፣ በሐበሻ ሥራ አትደሰቱም፣ ይህ ክር ካልጠፋ ወደ ሕግ እንሄዳለን አለ። እንሄዳለን ሲል ብዙ ቁጥር መጠቀሙን አንዱ አየበትና፣ እናንተ እነማን ናችሁ አለው። አልመለሰም። የመድረኩ አስተዳዳሪ ሁለት ስድብ አጠፋ፤ ስም ስላልተጠራ ክሩ ይቆያል ብሎም ወሰነ።

ከስድቡ መሀል ግን አንድ የማልጥለው ነገር ተናግሯል። አዲስ ነገር ሁሉ ለቦሌ ሰው፣ ለዳር ነዋሪ ግን መንቀያ ጉጠት ብቻ ነው አለ። እዚህ ላይ ያማል። ከቱሉ ዲምቱ ተነሥቶ ድድ የሚለካ ስፔሻሊስት ፍለጋ ታክሲ እየቀያየሩ መሄድ ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ግን የዚህ መድኃኒቱ ሌላ ነገር በስቴም ሴል ስም መሸጥ አይደለም። የሚለካ ሰው ሰፈር ድረስ ይምጣ።

መልስ 37 እና 38። የገላኗ እህት ስኳሩን አልረሳችም። ስኳር ካልተስተካከለ ድድ አይድንም፤ ድድ ሲታከም ደግሞ ስኳሩም በመጠኑ ይወርዳል፣ ሁለቱ ይጎተታሉ አለች። የሦስት ወር አማካዩን የሚያሳየውን የደም ምርመራ አሠሩላት አለችኝ። ሌላ ሰው ሲጋራም ጨምሩበት አለ፤ የሚያጨስ ሰው ድዱ ብዙ ስለማይደማ ጤነኛ ይመስለዋል፣ ከሥር ግን አጥንቱ እያለቀ ነው።

መልስ 39 እስከ 41። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ጥርስ እንዴት ሁለቴ ይቦረሻል የሚል እሮሮ ነበር። ከዚያ የወይራ መፋቂያና የብሩሽ ደጋፊዎች ተፋለሙ። ረጅም ነው፤ ይለፋችሁ። አንድ ቁም ነገር ብቻ አለው። መፋቂያ በድዱ ጠርዝ ላይ በደንብ ከተሠራበት ያጸዳል፣ በጥርሶች መካከል ግን አይገባም፤ ለዚያ የጥርስ ማጽጃ ክር ያስፈልጋል፣ እሱ ደግሞ ውሃ አይፈልግም።

መልስ 42 የእኔ ነው። እህቴ ሄደች፤ ማስታወቂያው ጋ ሳይሆን ድድ የሚለካ ሐኪም ዘንድ። በየጥርሱ ዙሪያ ለካላት። ከሁለቱ አንዱ በእርግጥ መነቀል አለበት አላት። ሌላውን በቀጭን ሽቦ ከጎረቤቶቹ ጋር አሰረላት። በማደንዘዣ ከድዱ ሥር ያለውን ታርታር ጠረገላት፤ ከሁለት ሦስት ወር በኋላ ድጋሚ ይለካታል። የአጥንት ዱቄት ያስፈልግ እንደሆነ ያን ጊዜ ይታያል። የሦስት ወር ስኳሯም ከፍ ብሎ ተገኝቷል፤ መድኃኒቷ ተስተካከለ። ስለ ስቴም ሴል ስትጠይቀው፣ ሲደርስ እኔው እደውልልሻለሁ ብሎ ሳቀ አለችኝ።

መልስ 43። አንዲት እናት የሰባት ዓመት ልጇ ጥርስ ሊወልቅ ነው። ከወተት ጥርስም ስቴም ሴል ይገኛል ስለተባለ፣ በመሳቢያ ላስቀምጥለት ወይ አለች።

መልስ 44። የላብራቶሪው ሰው ተስፋዋን አቀዘቀዘው። ህዋሱ ያለው በሕይወት ባለ ነርቭ ውስጥ ነው። ጥርሱ እንደወጣ በልዩ ፈሳሽ ወደ ላብራቶሪ መሄድ፣ ከዚያም በከፍተኛ ቅዝቃዜ መቀመጥ አለበት። መሳቢያ ውስጥ የደረቀ ጥርስ ለትዝታ ነው አላት።

መልስ 45። ሌላ ሰው፣ እንግዲያውስ እንደ ልጅነታችን ጣሪያ ላይ ይወርውረው፤ ግን ኮንዶሚኒየም ውስጥ የማን ጣሪያ ላይ ነው የሚወረወረው አለ።

መልስ 46። እናትየው ትናንት ተመልሳ ጻፈች። ልጁ ከአራተኛ ፎቅ በረንዳ ወርውሮት የጎረቤት ዲሽ ላይ አርፏል፤ ጎረቤትየው ቻናል ጠፋብኝ እያለ ነው።